አንገቴ ወደ ቀኝ

ማታ ደህና ተኛሁ፤ ሲነጋ ሌላ ሰው።
ሌሊት ማን እንደጠመዘዘኝ እንቅልፍ ነው የሚያውቀው።

ሱብሂ ሰግጄ ላበቃ ስል ወደ ቀኝ ዞርሁኝ፤
«አሰላሙ አለይኩም» — ይኸኛው ወጣልኝ።
ወደ ግራ ስመለስ ግን፣
ገመዱ እንዳጠረው የሰኞ ገበያ ሙክት
ከስንዝር አላልፍ አለኝ ፊት።
የግራው መልአኬ ሰላምታ ጠበቀ፤
ወገቤ ዞረለት፣ አንገቴ ደረቀ።

ሉባባ አየችኝና ሳቋን በሻርፗ ሸፈነች፤
«ምነው እንደ ዶሮ ባንድ ዓይን ታየኛለህ?» አለች።
ከዚያ ክሱን ዘረዘረች፦
«ሦስት ትራስ ደራርበህ፣ እንደ ሹም ተንተርሰህ፣
እስከ እኩለ ሌሊት ስልክህ ላይ አፍጥጠህ፣
አገጭህ ደረትህ ላይ እንደተተከለ፣
ደግሞ በሆድህ ተገልብጠህ፣ ፊትህ ወዳንድ ወገን እንደዋለ፣
መስኮቱን ‹አየር ይግባ› ብለህ ከፍተህ ለጦሳ ብርድ፤
ምን ያድርግህ ታዲያ? አንገት እንጂ መች ሆነ ግንድ!»

ያልጠቀሰችው አለ፤ ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናዬ ላይ
አንገቴን ደፍቼ መርፌዋን ብቻ ሳይ
ሃያ ሁለት ዓመቴ።
ሌላም አለ። እሱን ቆይቼ ልናገር።

የደሴ ጎረቤት መድኃኒት አያልቅበት፤
እትዬ ጦይባ «ምች ነው፣ ዳማከሴ ጭመቅበት»፣
ጋሽ ሽፋው «ብርድ ነው» ብሎ የኑግ ዘይት አሙቆ ላከ።
«ወጌሻ እብሬ አለልህ፣ አንዴ ቀጭ ያደርገዋል»
ያለኝም ነበረ። «ቀጭ» የሚለው ቃል ራሱ ያማል።
ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ሲስተር አስካል ክንዴን ዳሰሰች፣
«ጣትህን ይደነዝዝሃል? ትኩሳት? ራስ ምታት?» አለች።
«የለም።»
«እንግዲያው ጡንቻ ነው፣ ሌሊት የተኮማተረ፤
ማንም እንዳይጠመዝዘው፣ ይለቃል እያደረ።
ጨው አሙቀህ፣ በጨርቅ ቋጥረህ አሳርፍበት፤
ቀስ እያልህ አለማምደው፣ ማመም ሲጀምር ተወት።
ትራስህም አንድ ይሁን። ቀጭን።»
ይኸው ነው። ክኒንም ሁለት።

እንዲህ ሆኜ ወረድሁ ወደ ሸርፍ ተራ፣
ፊቴ ወደ ቀኝ፣ እግሬ ወደ ሥራ።

አሁን ልናገር። በዚያ መንገድ፣ በቀኝ በኩል
የወንድሜ የሙሄ ሱቅ አለ፤ ስፖንጅና ፍራሽ የሚከምር እስከ ጣራው ድረስ።
የአባታችን የስፌት መኪና ለኔ በደረሰኝ ማግስት
ክፉ ተነጋገርን፤ ይኸው ሦስት ዓመት
በደጁ ሳልፍ አንገቴን ወደ ግራ እሰብራለሁ፤
የማዶውን ግንብ ስንጥቅ አንድ ባንድ አውቃለሁ።

ዛሬ ግን ግራ የለም።
ምን ላድርግ፤ አየሁት።
ሸብቷል። ይህን ማን ነገረኝ?
መነጽሩ ጆሮው ላይ በክር የታሰረ፣
እንደ አባታችን አንድ እግሩን አጥፎ ተቀምጦ ነበረ።
ቀና አለ። ዓይኔን ብነቅል፣ አንገቴን መንቀል አልቻልሁም፤
እንደተተከልሁ ቀረሁ፣ ላልፍ ብዬ አላለፍሁም።
«ምን ታያለህ?» አለኝ።
በሦስት ዓመት የመጀመሪያው ቃል። ያውም እንደ ድንጋይ።
«አንገቴ ነው» አልሁት።
ይሳቅ አይሳቅ እንጃ፤ ጢሙ ግን ተንቀሳቅሷል።

ማታ ሉባባ ጨው ስታሞቅ አንድ ልጅ በር መታ፣
በጋዜጣ የተጠቀለለ ስፖንጅ ይዞ መጣ፤
ቀጭን፣ ሦስት ጣት የማይሞላ።
«ዋጋው ሁለት መቶ ብር ነው ብሏል» አለና
ብሩን እስኪቀበል እደጃፉ ቆመ።
ከፈልሁ። እንኳንም አስከፈለኝ፤
ስጦታ ቢሆን ኖሮ ከሦስቱ ትራስ ይብስ ነበር።

በሦስተኛው ሱብሂ የግራው ሰላምታም ወጣ፤
መልአኬም ድርሻውን ወሰደ ሳይቆጣ።
«አንገት የተሠራው አዙሮ ለማየት ነው» ይላሉ፤
ወዴት እንደሚዞር ግን አላሉ።

ዛሬ ጠዋት ቁልቁል ስወርድ፣
አንገቴ ድኗል፣
ወደ ፈለግሁት ይዞራል።
ሱቁ ጋ ልደርስ ሃያ እርምጃ ቀርቶኛል።